እጅ ብቻ የሚያየው ካሜራ

«ድንቅነሽን ዛሬ አሰናብታታለሁ» አለ ደሞዝ። ድምፁ የችፑዱን ግድግዳ አልፎ ሲመጣ ወዲህ በተኛው በሚስቱ ወንድም በአንለይ ራስጌ ቆሞ የሚናገር ይመስል ነበር። ሚስቱ ይታይሽ ፊቱን እያስታጠበችው ነው፤ ከጆግ ወደ ሳፋ የሚወርድ ውሃ ይሰማል። «ድንቅነሽን?» አለች። የካሜራው መሣሪያ ለይቷታል አላት። ከዐቢይ ጾም መግቢያ ጀምሮ ዝም ብሎ ሲያይ ከርሟል፤ ከአራቱ የሩዝ ለቃሚዎች እጇ ወደ ጉያዋ የሚመላለስ የእሷ ብቻ ነው። አቶ በላይነህ ከሐሙሲት በአራት ሰዓት ይመጣሉና እሳቸው ባሉበት ያደርገዋል፤ ዕቃው ምን እንደሚሠራ በዓይናቸው ይዩት። አንለይ እኅቱ አንድ ነገር ትላለች ብሎ ጠበቀ። ይታይሽ ግን ፎጣው ውጭ እንደተሰጣ ነግራው ወጣች።

አንለይ ከዩኒቨርሲቲ በኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተመርቆ ወደ ወረታ ከመጣ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ሁለቱንም ዓመት የኖረው በእኅቱ ባል ቤት፣ ሳሎኑ ለሁለት ተከፍሎ በወጣችው ክፍል ውስጥ ነው። ከአልጋው እስከ በሩ ያለው ቦታ ጎንበስ ብሎ ጫማ ለማሰር ብቻ ይበቃል። መስኮቷ ስትከፈት የጎረቤት ግድግዳ ታሳያለች። አልጋው ሥር የመበየጃ ብረት፣ የሽቦ ጥቅል፣ የተፈታታ ሬዲዮና ብዙ ባዶ የሳሙና ማስቀመጫ ተጠቅጥቋል። ሥራ ፍለጋ በወጣበት ሰሞን ከጓደኞቹ ጋር ተደራጅቶ ኮብልስቶን እንዲጠርብ ተነገረው፤ ጠረበም። ባጃጆቹ ዛሬ ከደብረ ታቦር መገንጠያ ወደ ገበያው የሚዘልሉባት የድንጋይ መንገድ ላይ የእሱም እጅ አለባት። ጥርቡ ሲያልቅ ደሞዝ ጠርቶ፣ የሩዝ መፈልፈያው ሞተር ላይ የሚረዳው ሰው እንደሚፈልግ፣ ምግብና መኝታው ድሮም ያለ እንደሆነ ነገረው። ክፉ ሰው አልነበረም ደሞዝ። በዚህ ቤት እንጀራ ተቆጥሮ አልቀረበለትም። ነገር ግን ማታ ማታ ዜና ሲያልቅ ቴሌቪዥኑን ከደሞዝ በቀር ማንም አያጠፋውም፤ አንለይም እስኪጠፋ ድረስ ተነሥቶ ወደ ክፍሉ መግባት ነውር ይመስለዋል።

ካሜራው መጀመሪያ የታሰበው ለሩዙ ነበር። አንለይ ገና ተማሪ ሳለ አንድ ሐሳብ ያብሰለስል ነበር፤ ካሜራ ያየውን ሁሉ ወደ ኮምፒውተር ከሚልክ እዚያው በሆዱ ውስጥ ቢያስብስ? ኮምፒውተር የሌለው፣ ኢንተርኔት የማይደርሰው፣ መብራት ሲመጣ ሲሄድ የሚውልበት ሰው ገዝቶ የሚሠራበት ካሜራ። ጥፍር የምታክለውን የካሜራ ዓይንና የክብሪት ቀፎ የምታክለውን፣ ቺፕ ያለባትን የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ አዲስ አበባ ያለ የክፍል ጓደኛው ከመርካቶ ገዝቶ በአውቶቡስ ላከለት፤ ዋጋውን የከፈለ ደሞዝ ነው። ገላው የሳሙና ማስቀመጫ ሆነ። ብዙ ያስጨነቀው የሜሞሪው ማነስ ነበር። ቺፑ አንድ ሙሉ ፎቶ እንኳ መያዝ አይችልም። አንለይ ፎቶውን በመስመር በመስመር እየተቀበለ፣ ጥላና ብርሃኑን ብቻ እያስቀረ፣ የሚፈርደውን ፈርዶ የቀረውን የሚጥል ፕሮግራም ጻፈ። ካሜራው አይቶ ይወስናል፤ ከወሰነ በኋላ ያየውን ይረሳዋል። የሚተርፈው ቁጥር ብቻ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉውን ሩዝ ከስባሪው፣ ስባሪውን ከጠጠር ለይቶ ሲቆጥር፣ አንለይ ክፍሏ ጠባብ መሆኗን ረስቶ አልጋው ላይ ተነሥቶ ሊቆም ሲል ጭንቅላቱን ከጣሪያው ማገር ጋር አጋጨ።

ደሞዝ ቁጥሩን አየና ራሱን ነቀነቀ። «ስባሪውን እኔም አየዋለሁ» አለው። «የማላየውን አሳየኝ።» የማያየው ነገር ደግሞ ሴቶቹ ጠጠርና ስባሪ ከሚለቅሙበት ጠረጴዛ ላይ ይጠፋል የሚለው ሩዝ ነበር። አንለይም ካሜራውን ከፍ አድርጎ ጣሪያው ላይ ሰቀለው፣ የለቀማውን ጠረጴዛ አረንጓዴ ፕላስቲክ አለበሰው፣ በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ በፕሮግራም መስመር አሰመረበት። እጅ ከመስመሩ አልፎ ወደ ገላ ሄዶ ጥቂት ከቆየ ይቆጠራል፤ በዚያች ሴት ትይዩ ግድግዳው ላይ ያለች ቀይ አምፖልም ትበራለች። ሲሰቅለው ለደሞዝ አንዴ ነግሮት ነበር፤ የሚያየው እጁን እንጂ እጁ የያዘውን አይደለም ብሎ። ደሞዝ እሺ እሺ እያለ መሰላሉን ያዘለት። ለሴቶቹ የተነገራቸው ለሩዙ ጥራት ነው ተብሎ ነው።

ደሞዝ ድንቅነሽን አሰናብታታለሁ ባለበት ጠዋት ይታይሽ ለወንድሟ ሻይ ስታቀርብ ፊቱን አላየችውም። እሷና ደሞዝ ጾመኞች ናቸው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይቀምሱም። እሱ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ጨጓራውን ስለሚያመው ዳቦ በሻይ ይበላል። እሷ ቆማ ታየዋለች እንጂ አትቀመጥም። ንጹሕ ሸሚዝ እንዲለብስ፣ እንግዳ እንደሚመጣ ነገረችው። እንግዳው ማን እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። አቶ በላይነህ በሐሙሲትና ከዚያ ወዲያ ብዙ መፈልፈያ ያላቸው ነጋዴ ናቸው። ካሜራው ደስ ካላቸው ዐሥር ያዛሉ ተብሏል። ዐሥሩ ከተሠራ ደግሞ አንለይ ባሕር ዳር አንዲት ክፍል ተከራይቶ፣ በሯን በራሱ ቁልፍ ዘግቶ፣ በፈለገው ሰዓት ተነሥቶ በፈለገው ሰዓት ይተኛል። ይህን ለማንም ነግሮ አያውቅም፤ ይታይሽ ግን ታውቀዋለች። ስለ ድንቅነሽ አንድ ቃል ሊናገር አፉን ከፈተ። እኅቱ ኩባያውን ከእጁ ላይ ወስዳ ገና ያላለቀውን ሻይ ይዛ ወደ ጓዳ ገባች።

መፈልፈያው ከመገንጠያው አለፍ ብሎ፣ የጭነት መኪኖች የሚያድሩበት ሜዳ ዳር ነው። ከግድግዳው ውጭ ለግንቦቱ ምርጫ የተለጠፉ ወረቀቶች በሩዝ ገለባ ብናኝ ቢጫ ሆነዋል። ውስጡ ደግሞ ሞተሩ ሲነሣ ሰው ከሰው የሚግባባው በምልክት ነው። ብናኙ ጠጉርም ቅንድብም ላይ ያርፋልና እዚያ የሚሠራ ሁሉ በጠዋቱ ያረጀ ይመስላል። አራቱ ሴቶች በጠረጴዛው በአንድ ወገን ተደርድረው ይቀመጣሉ፤ ድንቅነሽ ከበሩ በኩል መጀመሪያ ናት። ከወረታ ወጣ ያለችው የቁሐር ሚካኤል ሰው ናት። ባሏ ከሞተ በኋላ መሬቷን ለእኩል ሰጥታ፣ ሌሊት ተነሥታ እየመጣች ትለቅማለች። አንለይና ይታይሽ እዚያው ጎረቤት ነው ያደጉት፤ እናታቸው የታመመች ጊዜ ልብስ ታጥብላቸው የነበረ ድንቅነሽ ናት። ደሞዝ ዘንድ ያስገባቻትም ይታይሽ ነበረች።

አንለይ ላፕቶፑን በሽቦ ከካሜራው ጋር አገናኝቶ ከገለባው ክምር አጠገብ ተቀመጠ። በዚያ መንገድ ካሜራው ምስሉን ከመጣሉ በፊት የሚያየውን እሱም ለቅጽበት ማየት ይችላል። ስክሪኑ ላይ ሰው የለም፤ አረንጓዴ ሜዳና በላዩ የሚንቀሳቀሱ ነጣ ያሉ ጥላዎች ብቻ ናቸው። የሦስቱ ሴቶች እጅ አልፎ አልፎ ይወጣል፤ ነጠላ ለማስተካከል፣ ላብ ለመጥረግ። ወጥቶ ወዲያው ይመለሳል። የድንቅነሽ ቀኝ እጅ ግን ይወጣና ይቆያል፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ይመለሳል፤ ቆይቶ ደግሞ ይወጣል። አንለይ ዓይኑን ከስክሪኑ ላይ አንሥቶ ወደ ሴትዮዋ አየ። እጇ የሚሄደው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው፣ ከግራ ብብቷ ሥር። ጣቶቿ ተዘርግተዋል፤ ምንም አልያዙም። እዚያ ሲደርሱ ይጫናሉ፤ እሷም ዓይኗን ጨፈን ታደርጋለች። ከዚያ ወደ ሩዙ ትመለሳለች። ሩዝ የሚሰርቅ እጅ ተጨብጦ ይሄዳል፤ ይህ እጅ ግን ተዘርግቶ ሄዶ ተዘርግቶ ይመለሳል። ካሜራው ይህን የመለየት ዐቅም የለውም። ለጣቶቹ የሚበቃ ሜሞሪ አልተረፈውም ነበርና እጅን ሁሉ እንደ አንድ ጥላ እንዲቆጥር ያደረገው አንለይ ራሱ ነው።

ተነሥቶ ደሞዝን ፈለገው። ደሞዝ በሩ ላይ ገበሬ ያመጣውን ሩዝ በእጁ እያሸ እርጥበቱን ይገምታል። አንለይ ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ የድንቅነሽ ነገር ትክክል እንዳልሆነ፣ እጇ ባዶ እንደሆነ፣ ፕሮግራሙን ሊያስተካክለው ጥቂት ቀን እንደሚያስፈልገው ነገረው። ደሞዝ እስኪጨርስ ሰማውና እጁን ትከሻው ላይ አሳረፈበት። ዛሬ እንዲህ ያለ ወሬ የሚወራበት ቀን እንዳልሆነ፣ ሰውዬው መንገድ ላይ እንደሆኑ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ የጠበቁት ነገር እንደሆነ ነገረው። «ላንተም ብዬ ነው» አለው። እውነቱን ነበር።

አቶ በላይነህ በነጭ ፒካፕ መጡ። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ጫማቸው ገለባ እንዳይነካው እያዩ የሚራመዱ ሽማግሌ ናቸው። ይታይሽም ለእንግዳ ለስላሳ መጠጥ ይዛ ከቤት መጥታ ነበር። ደሞዝ ሞተሩን አስጠፋ። ድንገት ጸጥ ሲል ሩዙ በጣቶች ሥር ሲንሸራተት ተሰማ። ወደ ካሜራው እያሳየ አስረዳቸው፤ ዋጋው ከአንድ ተራ ስልክ እንደማይበልጥ፣ ኮምፒውተር እንደማይፈልግ፣ መብራት ሲጠፋ በባትሪ እንደሚሠራ፣ የሠራው ደግሞ ይህ የሚስቱ ወንድም እንደሆነ። አቶ በላይነህ አንገታቸውን ቀና አድርገው የሳሙና ማስቀመጫዋን ረጅም ጊዜ አዩዋት። በዚያው መሃል የመጀመሪያዋ ቀይ አምፖል በራች።

«ይኸው» አለ ደሞዝ። «ድንቅነሽ፣ ተነሽ እስቲ።»

ተነሣች። ለምን እንደተጠራች የገባት አትመስልም፤ እጆቿን በቀሚሷ ጠረገች። ደሞዝ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ እንደ ተራ ጉዳይ፣ ከጾሙ መግቢያ ጀምሮ ሩዝ ወደ ጉያዋ ስትከት መሣሪያው እየቆጠረ እንደነበር፣ ሌሎቹን አንዳንዴ፣ እሷን ግን ቀኑን ሙሉ እንደሚቆጥራት ነገራት። ወደ ይታይሽ ዞሮም ወደ ገለባ ክፍሉ አስገብታ እንድትፈትሻት አዘዘ። ይታይሽ ጠርሙሱን እንደያዘች ቆመች። ባሏን አየች፣ ወንድሟን አየች፣ ሽማግሌውን አየች። ከዚያ ጠርሙሱን መሬት አስቀምጣ ድንቅነሽን በክንዷ ያዘቻት። ይታይሽ ልጅ ከሆነችበት ጊዜ ጀምሮ የሚተዋወቁት ሁለት ሴቶች ተያይዘው ሲገቡ ሠርግ ቤት የሚገቡ ይመስሉ ነበር። የቆርቆሮው በር ተዘጋ።

መቆየት ከሚገባቸው በላይ ቆዩ። ከውስጥ ድምፅ አልመጣም። አቶ በላይነህ አንድ ፍሬ ሩዝ አንሥተው በጥርሳቸው ሰበሩት። የቀሩት ሦስት ሴቶች መልቀም አቁመው ቀና ብለው አምፖሎቹን ያያሉ፤ ምን እንደሆኑ ዛሬ ነው የገባቸው። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የወጣች ይታይሽ ነበረች። ፊቷ ላይ ደም የሚባል የለም። «ምንም የለባትም» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም። ደሞዝ እንግዲያ ገለባው ውስጥ ጥላዋለች ማለት ነው አለ። ይታይሽ ጎንበስ ብላ ጠርሙሱን ከመሬት አነሣች። ድንቅነሽ መቀነቷን እያጠበቀች ወጣች። አልሰረቅሁም አላለችም፣ አላለቀሰችም። መሬት መሬት እያየች ከጠረጴዛው ራቅ ብላ ቆመች። ያ ዝምታዋ በሁሉም ፊት ሌባ አደረጋት።

አንለይ እግሩ ሲሄድ ተሰማው። በባዶው ወንበር ላይ፣ በድንቅነሽ ቦታ፣ ተቀመጠና ሁለት እጁን አረንጓዴው ፕላስቲክ ላይ ዘረጋ። ከዚያ ሁሉም እያዩት ባዶ ቀኝ እጁን አንሥቶ ደረቱ ላይ አሳረፈ። አምፖሏ በራች።

«ሩዝ አያይም» አለ። ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። «ጋሼ፣ ነግሬህ ነበር። እጅ ብቻ ነው የሚያየው። ሰው ገላውን ቢያክም፣ ቢያማትብም፣ ቢያመውም ያው ይቆጥረዋል። ምስሉንም አያስቀምጥም። ማንም ተመልሶ አይቶ ሊያረጋግጥ አይችልም። እሷ አልሰረቀችም።»

የደሞዝ ፊት ተለዋወጠ። ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ ተጠራጠረ፤ ምናልባትም የፈራው ሌላ ነገር ነው፤ ዓይኑ ወዲያው ወደ አቶ በላይነህ ሄደ። ሽማግሌው የሰበሯትን ፍሬ ቅርፊት ከምላሳቸው ላይ በጣታቸው እያነሡ ነበር።

«ታዲያ ምን ችግር አለው?» አሉ።

አንለይ የሰሙት አልመሰለውም። እንደገና ሊያስረዳ ሲል እጃቸውን አነሡበት።

«ሰምቼሃለሁ፣ ልጄ። ሩዝ ይይልኝ ብዬ አልመጣሁም። እኔ ዘንድ ለቃሚው ብዙ ነው፤ ማን ሰረቀ ማን አልሰረቀ ስል ነው የምውል። እስቲ እነዚህን እያቸው።» በአገጫቸው ወደ ጠረጴዛው አመለከቱ። ሦስቱ ሴቶች እጆቻቸውን ፕላስቲኩ ላይ ዘርግተው፣ ጣት ሳያንቀሳቅሱ ተቀምጠዋል። አንዷ አፍንጫዋ ላይ ዝንብ አርፎባታል። «ይኸ ነው የሚፈለገው። ምስል ባያስቀምጥም ይሻላል፤ ምስል ካለ ክርክር አለ። ዐሥሩን ሥራልኝ።»

ደሞዝ ሳቀ። ከጭንቀት የወጣ ሰው ሳቅ ነበር፤ የአንለይን ጀርባ መታ መታ አደረገው፣ ልጁ ሐቀኛ ነው፣ እንዲህ ነው የሚያስቸግረን አለ። ከዚያ ወደ ድንቅነሽ ዞሮ፣ ነገሩ ሰው ፊት ከተባለ በኋላ ስንብቱን ልሰርዘው አልችልም፣ በሰላም ሂጂ አላት። ድንቅነሽ ነጠላዋን ከምስማሩ ላይ አውርዳ ወጣች። ሞተሩ ተነሣ። አንለይ ከወንበሩ እስኪነሣ ድረስ እጁ ደረቱ ላይ እንዳለ፣ አምፖሏም ከፊቱ እንደበራች አላወቀም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ቤት ሲመለስ ይታይሽ ጓዳ ውስጥ ሽሮ እየነፋች ነበር። ደሞዝ ሽማግሌውን ሊሸኝ ሄዷል። አንለይ በሩ ላይ ቆመ። ወንፊቱ ወዲህና ወዲያ ሲል ብቻ ነበር የሚሰማው። በዚህ ቤት ሁለቱ ብቻቸውን ሲሆኑ የሚያወሩት ስለ ጨው፣ ስለ ውሃ፣ ስለ መብራት ነው፤ ሌላው ነገር ሁሉ ደሞዝ በሌለበት ሲወራ ሐሜት ይመስላቸዋል። እሷ ሳትዞር ጀመረች። የድንቅነሽን ልብስ ስታስወልቃት ከጡቷ ሥር ጨርቅ ታስሮ አገኘች። ጨርቁን ስትፈታው የተቀጠቀጠ ቅጠል አለበት። ከቅጠሉ ሥር እንደ ሎሚ ያለ ነገር፤ ጠንካራ፤ ቆዳው ወደ ውስጥ የገባ። ድንቅነሽ እጇን ይዛ እንዳትናገር አስማለቻት። የታመመች ሴት ምግብ ነካች ከተባለ የትም አይቀበሉኝም፣ ሌባ ያለኝ አንድ መፈልፈያ ነው፣ በሽተኛ ከተባልሁ ግን አገሩ ሁሉ ነው አለቻት። ይታይሽ ማለች። «እሷ ባታስምለኝም አልናገርም ነበር» አለች ወንፊቱን አቁማ። «ሰውዬው እዚያ ቆሞ ሳለ። አንተ ከዚህ ቤት የምትወጣበት ቀን እንደሆነ እያወቅሁ። እሱን ነው ሳስብ የዋልሁት።»

አንለይ ዐሥሩን እንደማይሠራ ነገራት። መንገድ ላይ የወሰነው ነው። ይታይሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞር ብላ አየችው። ድንቅነሽ ባሕር ዳር ሐኪም ቤት መሄድ አለባት አለችው፤ ዛሬ ነገ ሳትል። እሱም በምን ገንዘብ ብሎ ጠየቃት። እኅቱ የሽሮ ዱቄት የነካ እጇን አራግፋ አየችው፤ መልሱን ከእሱ አፍ እየጠበቀች። ደሞዝ ለሌባ ገንዘብ እንደማይሰጥ፣ እሷ ከደሞዝ ኪስ ውጭ ሳንቲም እንደማታውቅ፣ እሱም ከካሜራው በቀር የሚሸጠው፣ ቀብድ የሚቀበልበት ሌላ ዕቃ እንደሌለው ሁለቱም ያውቁታል። «ሂድና ንገራት» አለች በመጨረሻ። «ሐኪም ቤት ሰኞ ነው በላት።»

ከመገንጠያው በባጃጅ ተሳፍሮ ቁሐር ሚካኤል የሩዝ ማሳው ላይ ወረደ። ማሳው ታጭዷል፤ ውሃ የተኛበት ጥቁር አፈር ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ ከብቶች በአገዳው መሃል ተበትነው ይግጣሉ። ክረምት ሲሆን እዚህ ሁሉ ባሕር ነው፤ ልጅ ሳለ ከቤት ቤት በታንኳ የተሻገረበትን ቀን ያስታውሳል። ያን ጊዜ መጥለቅለቁን አይቶ የሚናገር ዕቃ እሠራለሁ ይል ነበር። ድንቅነሽ ደጇ ላይ ተቀምጣ አገኛት፤ ልጇ ዙፋን አጠገቧ ቆማ ነበር፤ ዐሥረኛ ክፍል ስትደርስ ያቋረጠች፣ እናቷን የመሰለች ቀጭን ልጅ ናት። ድንቅነሽ ልጅቷን ውሃ እንድትቀዳ ሰደደቻት፣ እሱንም ወደ ውስጥ አስገብታ መደቡ ላይ አስቀመጠችው። ይቅርታ ሊጠይቃት ሲጀምር አላስጨረሰችውም። ተነሥቶ መናገሩን አይታለች፤ እናቱ ብትኖር ደስ ይላት ነበር አለችው። ከዚያ በሩን አይታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ አንለይ። እውነቱን ንገረኝ። ያ ዕቃ ሲበራ ውስጤን አይቶ ነው?»

አልገባውም።

«ከጥምቀት ወዲህ ነው ያገኘሁት» አለች። «ለማንም አልተናገርሁ፤ ዛሬ ይታይሽ አየችው እንጂ። ያንተ መብራት ሌሎቹ ላይ ሳይሆን እኔ ላይ እየመላለሰ ሲበራ፣ አይቶብኛል አልሁ በልቤ። ሌባ ያሉኝ እነሱ ናቸው። እኔ መንገዱን ሁሉ ሳስብ የመጣሁት ዕቃውን ነው። አይቶት ከሆነ ምን እንደሆነ ያውቀዋል። ክፉ ነው ወይስ ዝም ብሎ እብጠት ነው?»

ለአንለይ፣ ክፉ አይደለም ቢላት የምታምነው እሱን ብቻ እንደሆነ ታየው። እፎይ ብላ ስትተኛም ታየው። «አያይም፣ እትዬ ድንቅነሽ» አለ። «ውስጥ አያይም። እጅዎን ብቻ ነው ያየ።»

«እጄን ብቻ።»

«እጅዎን ብቻ።»

ድንቅነሽ ቀኝ እጇን ገልብጣ አየችው። ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ አንለይ ሰኞ ባሕር ዳር እንደሚወስዳት ነገራት፤ ይታይሽም እንደምትመጣ ዋሸ። በምን ብላ ጠየቀችው። ሥራ አግኝቻለሁ አላት። ምን ሥራ ስትለው መሬት መሬት እያየ፣ ያንኑ ዕቃ ዐሥር ሥራ መባሉን ተናገረ። የሚመጣበትን ጠበቀ፤ ስድብ ይሁን እርግማን ለመቀበል ራሱን አዘጋጅቶ ነበር። እሷ ግን ፊቷ ፈካ አለ። «እሰይ» አለች። «እግዜር ያስጨርስህ። አንተም ከሰው ቤት ትወጣለህ።» የምሯን ነበር።

ዙፋን ጄሪካኑን ተሸክማ ገባች፤ አስቀምጣ በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀመጠች። እናትየዋ ልጅቷን አየች፣ አንለይን አየች።

«ቦታዬን ለሰው ሰጡት?»

«ገና ነው።»

«እንግዲያ ለዙፋን ለምንልኝ። ሐኪሙ ምን እንደሚል አይታወቅ፤ ቤቱ ባዶውን እንዳይቀር። ደሞዝ ዛሬ ባንተ ደስ ብሎታል፣ እንቢ አይልህም።» ከዚያ ያላለቀላት ነገር እንዳለ ቀና አለች። «ስለ እጇ አታስብ። ከጠረጴዛው እንዳታነሣው እኔ እነግራታለሁ።»

አንለይ መንገድ ላይ የወሰነው ነገር ሁሉ አፉ ላይ ነበር። መሰላል ወጥቶ ያቺን የሳሙና ማስቀመጫ ሊያወርዳት፣ ሊሰብራት፣ ለማንም እንዳይሠራት። ያየው ግን ሰኞን ነበር። «እሺ» አለ።

ዙፋን ሁለቱንም ሰማቻቸው። ከነጠላዋ ሥር እጆቿን አውጥታ ጉልበቷ ላይ ዘረጋቻቸው። እናቷ ሌላ ነገር ማውራት ከጀመረች በኋላም አላነሣቻቸውም።